የሚሰምጥ የፍሬን ፔዳል፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ
ለጭነት መኪና ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሚለሰልስና የሚሰምጥ የፍሬን ፔዳልን ይመለከታል

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

«ከፍሬኑ መስመር አየሩን ብቻ አስወጡልኝና ልሂድ፣ ጭነት ይጠብቀኛል» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልናል። መኪና ቆሞ መዋሉ ምን ያህል እንደሚጎዳችሁ እናውቃለን። ቢሆንም ፔዳሉ የሚሰምጥ መኪና ምክንያቱ ሳይታወቅ ከግቢያችን አይወጣም። አንዳንዶቻችሁ በዚህ ቅር እንደተሰኛችሁ ስለሰማን ምክንያታችንን ልናስረዳችሁ ወደድን። የምንናገረው እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ መኪናዎች ላይ ስላለው በዘይት ግፊት ስለሚሠራው ፍሬን ነው። ሙሉ በሙሉ በአየር የሚሠሩት ከባድ መኪናዎች ችግራቸው ሌላ ነው።

አሽከርካሪው «ፍሬኑ ለስልሷል» ሲለን አስቀድመን የምንጠይቀው እግሩ ምን እንደተሰማው ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ተጨምቆ የሚመለስ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። መጀመሪያ ሲረገጥ ወደ ታች ርቆ ሄዶ፣ ሲደገም ከፍ ብሎ የሚጠነክር ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ወይም ሳይስተካከል ቀርቶ ከታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚዞረውና ሸራው ተጭኖ ከሚያቆመው ብረት ርቋል። እግር ሳይነሳ፣ ግፊትም ሳይጨመር ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አግኝቷል። እኛን የሚያስፈራን ይህኛው ነው። ደጋግመው ሲረግጡት ለጊዜው ስለሚመለስ ብዙ ሰው ለምዶት ይነዳል።

ይህን እናንተም መፈተሽ ትችላላችሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ጎማዎቹን በታኮ አስይዙና ሞተሩን አጥፉ። የእግርን ግፊት በሚያግዘው የፍሬን ማገዣ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ከዚያም እግራችሁን ሳታነሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዙት። ስትይዙት ለስለስ አድርጋችሁ ይሁን። በማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ውስጥ ያለ ያረጀ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ በከባድ ግፊት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ዘይቱን ይይዝና በቀላል ግፊት ግን ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ በኃይል ብቻ ረግጦ «ደህና ነው» ማለት ያታልላል። አሁን እግራችሁ እዚያው እንዳለ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ከቆመ ማገዣው ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሳይቆም መውረዱን ከቀጠለ መኪናውን አታንቀሳቅሱት።

ቀጥሎ የሚታየው የዘይቱ መጠን ነው። ከቀነሰ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው፤ በየጎማው ያሉትን ትንንሽ የፍሬን ሲሊንደሮች እንመለከታለን። የአቧራ መከላከያ ላስቲካቸው ገለጥ ሲደረግ ውስጡ እርጥብ ከሆነ፣ ወይም በጎማው የውስጥ ገጽ ላይ ወደ ታች የወረደ ጥቁር የዘይት መስመር ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ዘይት የነካው ሸራም መቀየር አለበት፤ ታጥቦ አይድንም። ዘይቱ እየቀነሰ ከመኪናው ሥር ምንም ጠብታ የማይታይበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ማስተር ሲሊንደሩ ከኋላው ወደ ማገዣው እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የዘይቱ መጠን ሳይቀንስ ፔዳሉ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በዚያው በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ጎሚኒውን አልፎ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው።

እንዲህ ያለውን ሲሊንደር ስንፈታው ዘይቱ ጠቁሮ እንደ አተላ ወፍሮ፣ ግድግዳው በዝገት ተበልቶ፣ የጎሚኒው ከንፈር ተሸራርፎ እናገኘዋለን። በተበላ ግድግዳ ላይ አዲስ ጎሚኒ ብቻ መግጠም ርካሽ ቢመስልም ዝገቱ ጎሚኒውን መልሶ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ግድግዳው ከተበላ ሙሉውን ሲሊንደር እንቀይራለን። «አየር ካስወጣሁ በኋላ ነው መስመጥ የጀመረው» የሚሉን ደንበኞችም ልክ ናቸው። አየር ሲወጣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጣል፤ ያን ጊዜ ጎሚኒው በዘወትር ሥራ ደርሶበት ወደማያውቀው ዝገት ይገባና ይቆረጣል። እኛ ከፔዳሉ ሥር እንጨት አስገብተን የምንሠራው ለዚህ ነው።

ስለ ፍሬን ዘይት ትንሽ እንጨምር። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ቢያንስ 140 ብቻ ነው። ዶት 4 በተባለው ደረጃ ይህ ዝቅተኛ ወሰን ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል፤ ጭነት ይዞ በፍሬን ብቻ ለሚወርድ መኪና ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ በአንድ ጊዜ ወለሉን ይነካል። መኪናው ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ስለሚመለስ ጋራዥ ሲደርስ ምንም አይገኝበትም። ስለዚህ ከየት ስትወርዱ እንደሆነ ንገሩን። ዘይቱን ቢበዛ በ2 ዓመት ቀይሩት፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ኃይል ውረዱት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። መንገድ ላይ ዘይት ቢያልቅባችሁ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት አትጨምሩ። ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፤ ጥገናውም ከማስተር ሲሊንደሩ እስከ መጨረሻው ጎማ ይደርሳል። ከተጠራጠራችሁ ከማጠራቀሚያው ጥቂት ቀድታችሁ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት ከውኃው ጋር ይቀላቀላል፣ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል።

ከእንግዲህ የምትቀበሉት መኪና የተቀየረበት ዕቃ ሁሉ በካርቶን ሆኖ አብሮት ይሰጣችኋል፤ ሲሊንደሩን በዓይናችሁ እዩት። ባለንብረቶች ደግሞ አሽከርካሪው «ፔዳሉ ወረደ» ብሎ ሲደውል ጭነቱን አድርሶ እንዲመለስ አትዘዙት። ባለበት ያቁመው፤ ደውሉልን፣ መካኒክ ወዳለበት እንልካለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋራዡ ኃላፊና ባልደረቦቹ