ከመጠቆም በፊት ማስረጃ ያዙ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ የቀረበውን፣ ፌስቡክ በኢትዮጵያ ግጭት አባብሷል የሚል ክስ የማየት ሥልጣን አለኝ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። የኩባንያው ተቆጣጣሪ ቦርድ በ2014 ዓ.ም. በራያ ቆቦ ተፈጸሙ ስለተባሉ ወንጀሎች የተጻፈ የፌስቡክ ልጥፍ ሲመረምር፣ ገለልተኛ የሰብዓዊ መብት ግምገማ በ6 ወር ውስጥ ተጠናቆ በሙሉ ይታተም ብሎ ነበር። ችግሩ፣ ቦርዱ ሜታን የሚያስገድደው በአንድ ልጥፍ ላይ ሲወስን እንጂ ምክር ሲሰጥ አይደለም።

ሰው ላይ ጥቃት የሚያነሳሳ ልጥፍ ያያችሁ፣ እባካችሁ ለኩባንያው ከመጠቆማችሁ በፊት ሊንኩን ቅዱ፤ የገጹን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ስክሪንሾት ብቻውን አይበቃም፤ ልጥፉ ከተሰረዘ የት እንደነበር ማሳየት ይከብዳል። «ደንብ አልጣሰም» የሚለውን መልስም አታጥፉት፤ ኩባንያው ተነግሮት እንደተወው የሚያሳየው እሱ ነው።