ለልጃችን ለደረሳችሁልን ሁሉ

በሌሊት ታሞብን የነበረው ልጃችን ድኖልናል፤ ተመስገን! ዝርዝሩን ስለምታውቁት አንደግመውም። ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ቤታችን ድረስ በስልክ ለደረሱልን የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ቨርቹዋል ኢመርጀንሲ (በቪዲዮ የሚሰጥ ድንገተኛ ሕክምና) ባለሙያዎች ምስጋናችን ወሰን የለውም። አገልግሎቱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኤፒንግ ባለው ኖርዘርን ሆስፒታል ተጀምሮ ዛሬ መላውን ክፍለ ግዛት ቀን ከሌት፣ ያውም በነፃ ያገለግላል።

ሲስተር፣ የእርስዎን ግን በምን ቃል እንናገረው? መብራቱ ከልጁ ጀርባ ሳይሆን ከፊቱ እንዲሆን፣ ደረቱ እንዲገለጥ፣ ስልኩም እንዳይነቃነቅ አደረጉ። ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠሩ፤ ሕፃን አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ስለሚተነፍስ ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። የጣቱን ጫፍ 5 ሰከንድ ጫን አድርገን ስንለቀው ቀለሙ 2 ሰከንድ ሳይሞላ ተመለሰ፤ ደሙ በደህና እንደሚዘዋወር ምልክት ነው፤ ያኔ ፊትዎ ሲፈታ የእኛም ነፍስ መለስ አለች። በጥቁር ቆዳ ላይ ሽፍታ ስለሚደበቅ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩንና የዓይኑን ቆብ ውስጥ ሳያዩ አላለፉም።

የፓራሲታሞሉን ጠርሙስ ካሜራው ላይ አስጠግተን እንድናሳይዎ ማለትዎ ደግሞ! 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ መጠኑ 150 ሚሊ ግራም ነው። በሚሊ ሊትር 24 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 6 ሚሊ ሊትር ከሩብ ይሆናል፤ 100 ሚሊ ግራም ካለው የጠብታ መድኃኒት ግን 1.5 ሚሊ ሊትር ብቻ። ጠርሙሱ ተምታቶ ጠብታው በሽሮፑ መጠን ከተሰጠ ልጁ አራት እጥፍ ይወስዳል። ኦአርኤሱን (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ውህድ) በሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር፣ በየ5 ደቂቃው አሉን። ጠምቶታል ተብሎ በአንዴ ከተሰጠው መልሶ ያስወጣዋል። እጃችን ሲንቀጠቀጥ "ቀስ፣ ጊዜ አለን" ያሉን እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ልጆችዎን ያሳድግልዎ!

ዶክተር፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ መፍዘዝ ወይም የሽንት መጥፋት ከታየ ወዲያው ሆስፒታል፣ መተንፈስ ካቃተው ደግሞ ወደ ድንገተኛ ጥሪው 000 ደውሉ ብለው ቁርጡን ስለነገሩን እናመሰግናለን። አስተርጓሚያችን፣ አንዲት ቃል ሳትጥዪ አደረስሽልን። ሊንኩን ልከህ ካሜራና ማይክራፎኑን ያስፈቀድክልን የጎረቤት ልጅ፣ እደግ ተመንደግ! የፉትስክሬይ ሰፈር ወዳጆቻችን፣ የማኅበር እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ ሁላችሁም ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል።

ስማችሁን ሳንጠራ ያለፍናችሁ ብዙ ናችሁ፤ እባካችሁ ቅር እንዳይላችሁ። ገና በየቤታችሁ እየመጣን እናመሰግናችኋለን።

የልጁ እናትና አባት