«ፍሪክ አውት» ቀልድ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ አሜሪካዊው የሮክ ባንድ ማዘርስ ኦፍ ኢንቬንሽን የመጀመሪያ አልበም፣ ስለ «ፍሪክ አውት»፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የጎረምሶች ቀልድ ነው ብላችሁ ማለፋችሁ ግን አልተዋጠልኝም።

ቀልድማ አለው፣ ማን ይክዳል። የባንዱ መሪ ፍራንክ ዛፓና ጓደኞቹ በ1966 እ.ኤ.አ. ሬዲዮ የሚወደውን የፍቅር ዘፈን ዜማ ሳይቀር አስመስለው ነው ያፌዙበት። ግን እዚያው አልበም ላይ ያለውን «ትራብል ኤቭሪ ዴይ» የተባለ ዘፈን ደግማችሁ ስሙት። መነሻው በ1965 ያኔ ጥቁሮች ይበዙበት በነበረው የሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር የፈነዳው አመፅ ነው። ዛፓ ሁከቱን በቴሌቪዥን እያየ ስለጻፈው ዱላው ጣቢያዎቹም ላይ ያርፋል፣ «እኔ ቀድሜ አሳየሁ» ለማለት በሰው መከራ ላይ የሚሻሙት ላይ። ዘረኝነቱንም አይምርም፣ ሱቅ የሚያቃጥለውንም አይምርም። ይሄ ቀልድ ከተባለ ቁም ነገሩ የቱ ሊሆን ነው?

ሌላው ቅር ያለኝ የቶም ዊልሰን ስም አለመነሳቱ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የቦብ ዲላንን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» የሠራው ሰው፣ ሕዝብ ለማያውቀው ባንድ የሁለት ሸክላ አልበም አሠራ፤ ያኔ በሮክ ይሄ ብርቅ ነበር። የሸክላው መጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ከበሮና ጩኸት እኔንም ያሰለቸኛል፣ እሱን ልተውላችሁ።

በሚቀጥለው እትም የ«ትራብል ኤቭሪ ዴይ»ን ሐሳብ በአማርኛ አብራሩልን፤ ለዊልሰንም አንድ ዓምድ ስጡት።

አንባቢያችሁ