ጥፋቴን ያልነገረኝ የቅጣት ወረቀት

ለከተማችን የመንገድ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በፖስታ የላካችሁልኝ የቅጣት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የመኪናዬ ሰሌዳ ቁጥር አለበት፤ የምከፍለው ገንዘብና የመክፈያው የመጨረሻ ቀን በደማቁ ታትመዋል። ጥፋቴን የሚገልጸው መስመር ግን «የከተማውን የፍጥነት ደንብ በመተላለፍ» ይልና አንድ የአንቀጽ ቁጥር ጠቅሶ ያበቃል። በስንት ኪሎ ሜትር ስነዳ ተገኘሁ? የመንገዱ ገደብ ስንት ነበር? የለካኝስ ምንድን ነው? ስለ እነዚህ አንድም ቃል የለም።

ለፍጥነት ጥብቅና ልቆም አይደለም የምጽፈው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ 28 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በ65 የሚነዳው ግን የመጀመሪያው መኪና በቆመበት በዚያው ቦታ ላይ ገና ወደ 50 በሚጠጋ ፍጥነት እየሄደ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ድንገት መንገድ ውስጥ የገባ ልጅ ቢኖር አንደኛው ልጁ ፊት ሲቆም ሌላኛው ልጁን ይገጨዋል። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው የፍጥነት ገደብን አይንቅም። ቅር ያለኝ ገደቡ ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

ደንቡን ለማንበብ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ መጣሁ። በመስኮቱ በኩል ያነጋገሩኝ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የደንቡ ቅጂ እርሳቸው ዘንድ የለም። «ወረቀቱ ላይ ያለውን ይክፈሉ፤ ሌላ ነገር የለውም» አሉኝ። ሌላ ነገርማ አለው። የከተማ ደንብ ከበላዩ ካለው አዋጅ ጋር የሚጋጭ ከሆነ አይጸናም። ክሱ በደንብ ነው ወይስ በአዋጅ የሚለው ጥያቄም ተራ የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ ተቃውሞዬ የት እንደሚሰማ፣ ጥፋቱ በመንጃ ፈቃዴ ላይ ይመዘገብ እንደሆነ፣ የመድን ክፍያዬም ይጨምር እንደሆነ የሚወሰነው በዚሁ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቦታ ደግሞ ቅጣቱን መክፈል ጥፋትን እንደማመን ይቆጠራል። ባለጉዳዩ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ደረሰኙን ከያዘ በኋላ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «ከንትርክ ይሻላል» ብዬ አንድ ቅጣት ከፍዬ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ መድኔን ሳሳድስ ነው።

ስለ ፍጥነት መለኪያው መሣሪያ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ጎረቤቶቼ በዚህ ጉዳይ የሚሉትን ሁሉ አልቀበልም። «ራዳሩ የለካን በጎን ቆሞ ስለሆነ ፍጥነታችንን አዛብቷል» የሚሉ አሉ። ራዳር የሚሠራው ከመኪናው ተመልሶ በሚመጣው ሞገድ ድግግሞሽ ላይ የታየውን ለውጥ ለክቶ ነው። ከመንገዱ ዳር በአንግል ሲቆም ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ያነባል እንጂ ከፍ አያደርግም፤ በ20 ዲግሪ አንግል 60 የሚነዳው 56 ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ይህ ክርክር ሹፌሩን አያድነውም። ዋጋ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። የራዳር ጨረር ሰፊ በመሆኑ ጎን ለጎን ከሚሄዱ መኪኖች የትኛውን እንደለካ በምን ይታወቃል? መሣሪያውስ ትክክለኛነቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው? የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን በየጊዜው ይመረመራል፤ በሰው መንጃ ፈቃድ ላይ የሚፈርድ ሚዛን የምርመራ ቀኑን ቢያሳይ ምን ነውር አለው?

በታሪክ መጀመሪያ በፍጥነት ተቀጡ ከሚባሉት ሹፌሮች አንዱ ዋልተር አርኖልድ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በኬንት ግዛት፣ በሰዓት ሁለት ማይል በተፈቀደበት መንገድ በስምንት ማይል ሲነዳ አንድ ፖሊስ በብስክሌት አሳድዶ ያዘው። የተቀጣውም አንድ ሽልንግ ነበር። ሲያስቡት ያስቃል፤ ግን አርኖልድ በምን እንደተከሰሰ አውቋል፣ ከሳሹንም ፊት ለፊት አይቶታል። እኔን የከሰሰኝ ፖስታ ነው።

ስለ ፖስታው አንድ ነገር ልጨምር። ለተቃውሞ የተሰጠው 15 ቀን የሚቆጠረው ወረቀቱ ከተጻፈበት ዕለት ጀምሮ ነው። እጄ ሲገባ ዘጠኙ አልፎ ነበር። ለመክፈል ግን 30 ቀን ሰጥታችሁኛል። ይህን ቀመር ያወጣው ሰው ባለጉዳዩ ወደ የትኛው በር እንዲሄድ እንደፈለገ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። የተለካው ፍጥነትና የመንገዱ ገደብ፣ ቦታውና ሰዓቱ፣ የመሣሪያው ዓይነትና የተፈተሸበት ቀን ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። በጀርባው የአንቀጹ ሙሉ ቃል ይታተም፤ ተቃውሞ የት፣ እንዴትና በስንት ቀን እንደሚቀርብ፣ መክፈል ምን እንደሚያስከትል ይገለጽ። ቀኑም ወረቀቱ ከደረሰበት ዕለት ይቆጠር። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ቅጹን የሚያትመው ክፍል ብቻ ይበቃል።

የእኔን ጉዳይ በተመለከተ ተቃውሞዬን በ14ኛው ቀን በጽሑፍ አስገብቼ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትቻለሁ። ያን ዕለት በዚያ መንገድ ነድቻለሁ፤ ምን ያህል እንደፈጠንኩ ግን አላስታውስም። የመሣሪያውን የምርመራ ወረቀትና የተነሣውን ፎቶግራፍ ይላኩልኝ። ትክክል ሆኖ ካገኘሁት በማግስቱ መስኮቱ ጋ መጥቼ እከፍላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ባለጉዳይ