ለሰይድ፣ ወደ ስዊዘርላንድ፤ ከደሴ የተላከ

ወንድሜ ሰይድ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምክ? «ከረምክ» ለማለት እንኳ አፈርኩ፤ ስንት ክረምት አለፈ። ለመጨረሻ ጊዜ ያወራነው በ2014 የደመራ ዕለት ነው። ችቦዬን ይዤ ልወጣ ስል ደወልክ፣ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ ጦርነቱ ደሴ ገባ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻም አልወጣም። ያን ጊዜ ባልደውልልህ ሰበብ ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ኩርፊያ ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። እናትህ ደህና ናቸው፣ እግራቸውን ያማቸዋል እንጂ ሸዋ በር ድረስ በራሳቸው ይወርዳሉ።

አሁን ለምን እንደምጽፍልህ ልንገርህ።

ሰርቪስ ቤቷን ያከራየሁት አንድ ልጅ ነበር። ኮምቦልቻ እየተመላለሰ የሚሠራ፣ ሐረጎን በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚወርድ፣ ኪራይ ቀን የማያሳልፍ። ከጓደኛው ጋር የተነሳው ፎቶ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ሥሩ የተጻፈውን አልደግመውም። አንድ ማታ የሰፈር ሰዎች አምስት ሆነው መጡና «ተነጋግረናል፣ ሁሉም ተስማምቷል፣ ይውጣ» አሉኝ። እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ልጁንም አልጠየቅኩትም። በማግስቱ ፍራሹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። የግማሽ ወር ኪራይ መለስኩለት፣ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንተ ትዝ አልከኝ።

ያኔ የደወልክልኝ ስዊዞች ለተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ድምፅ በሰጡበት ቀን ነው። 64 ከመቶው ደግፎት ነበር። «እኔም አዎ ብያለሁ» አልከኝ። የሐጂ ልጅ! «ዜግነት ያወጣኸው ለዚህ ነው?» ብዬ ጮህኩብህ። ከመዝጋቴ በፊት ያልካትን ግን ሰምቻታለሁ፦ «የእኔንም ሚናራ እኮ ቆጥረው ነው የከለከሉኝ።»

በፈረንጆቹ 2009 የሆነውን እንዴት እረሳለሁ። አንተ ገና ድምፅ አልነበረህም። በመላው ስዊዘርላንድ የነበረው ሚናራ አራት ብቻ ነው። ድምፅ ከሰጠው 57.5 ከመቶው አዲስ እንዳይሠራ ብሎ ወሰነ፣ ክልከላው ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገባ። እያለቀስክ ስትደውል እኔ ክርስቲያኑ ከአንተ ብሼ ነበር። ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ «ይህ ዴሞክራሲ ነው ወይ?» ብዬ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አከራከርኳቸው። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ሕዝብ ሌላ ነገር ሲወስን «ሕዝብ እንዴት እንዲህ ይወስናል!» ብዬ በአንተ ተቆጣሁ። አምስት ሰው ደጄ ቆሞ «ሁሉም ተስማምቷል» ሲለኝ ደግሞ ቁልፉን አስረከብኩ።

ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ። የእኛው ሕገ መንግሥት ከ550 በማይበልጠው የፓርላማ ወንበር ውስጥ ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ሲይዝ፣ በቆጠራ ብቻ ከተሄደ የማይደርሳቸው ሰዎች እንዳሉ ገብቶት ነው። ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። አፐንዘል ኢነርሮደን ስለሚባለው የአገራችሁ ክፍልም ነግረኸኝ ነበር፦ ወንዶቹ አደባባይ ወጥተው እጅ እያነሱ ሴት አትምረጥ ሲሉ ኖሩ፣ በፈረንጆቹ 1990 ፍርድ ቤት አስገደዳቸው። ያኔ ስቄ ነበር። ለመሆኑ እነዚያን ወንዶች ሰብስቦ «ሁላችሁም ተስማማችሁ?» ቢሏቸው ምን ይሉ ነበር?

ቦሩ ሜዳም ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1870 አፄ ዮሐንስ እዚያ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሣ ሲሉ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባለ፣ የሃይማኖት አባቱ ሸህ ጦልሃ አሻፈረኝ ብለው ሸፈቱ፣ ስንቱ ደግሞ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። ቅድመ አያትህ ሁለት ስም እንደነበራቸው አባትህ እየሳቁ ያወሩን ነበር። እርግጥ እዚያ ድምፅ አልተቆጠረም፣ ንጉሥ ነው ያዘዘ። ለታዘዘው ሰው ግን ምን ይለይለታል? ያ ልጅም ቀን ሌላ ማታ ሌላ ሆኖ ይኖር እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኩትማ።

ተለውጧል ብለህ ግን እንዳትደሰት። ጋብቻ ነው ብዬ አልቀበለውም፣ እምነቴም አይፈቅድልኝም። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎ በእስራት ይቀጣል፤ እዚህ ይህን ጉዳይ ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። ያልገባኝ ሌላ ነው። እኔ የማልቀበለውን ነገር ሁሉ ከቤት ማስወጣት አለብኝ? እናትህ እኔ በማልጾመው ረመዳን ስንት ዓመት ሾርባ አብልተውኛል።

አንተም ከጥያቄ አታመልጥም። 64ቱ 46 ቢሆን ኖሮስ? መብት ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ኮሮጆ ውስጥ ገባ? አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 2015 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሰጡት ትለኝ ይሆናል። እዚያም እኮ 5 ለ 4 ነው፤ ቆጠራው ከሚሊዮን ወደ ዘጠኝ ወረደ እንጂ አልቀረም። ዳኛውንስ የሚሾመው ማን ነው? ይህን ከአንተ ጋር ቡናው እስከ በረካ እስኪደርስ ብንከራከርበት ደስ ባለኝ።

የልጁ ስልክ አለኝ። ሁለት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት፤ ምን እንደምለው አላወቅኩም። ክፍሏን አላከራየሁም። ይህን ከላክሁልህ በኋላ እደውልለት ይሆናል።

አንተ ግን አትደውልልኝ፣ ጠባዬን ታውቃለህ፣ መሀል ላይ እዘጋብሃለሁ። ጻፍልኝ።

ወንድምህ