ማን ዋስ ሆነልህ ላልሽኝ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለውጭ አገር ትምህርትሽ የላክሽውን፣ ተምረሽ ካልተመለስሽ ዋሱ ዕዳውን ይከፍላል የሚለውን የዋስትና ፎርም ፈርሜ መልሻለሁ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረውን ደመወዝተኛ ዋስ ይቀበላሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ተቀበሉኝ። «አባዬ፣ አንተን ለትምህርት ሲልኩህ ማን ዋስ ሆነልህ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ ግን በስልክ የሰጠሁሽ መልስ አጥጋቢ አልነበረም።

ማንም አልሆነልኝም። በ1978 ዓ.ም. ወደ ኪየቭ ስላክ የፖለቲካ ንቃቴን እንጂ ዋሴን የጠየቀኝ አልነበረም። አንድ ዓመት በፖድፋክ፣ ማለትም በመሰናዶ ክፍል፣ ሩሲያኛ፣ አምስት ዓመት ምሕንድስና ተማርኩ። ዲፕሎማዬን ልቀበል ወር ሲቀረኝ፣ በግንቦት 1983፣ የላከኝ መንግሥት ወደቀ። ያስተማረኝም አገር፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ዓመት ሳይሞላው ተበተነ። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ወደ ጀርመንና ወደ አሜሪካ አቀኑ። አልፈርድባቸውም፤ ላኪ በሌለበት ለማን ይመለሷል?

ያን ሰሞን ከአእምሮዬ ያልወጡት በራስ ተፈሪ ዘመን የተላኩት ናቸው። መላኩ በያን አሜሪካ ተልኮ፣ በ1927 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ ሲመለስ የጠበቀው የጣሊያን ወረራ ነው፤ ቁስለኛ ሲያክም ከረመ። ዓለመወርቅ በየነ እንግሊዝ አገር የተማረው የእንስሳት ሕክምና ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ግን እሱ አገር ውስጥ ቀርቶ የጥቁር አንበሳ አርበኞች መሪ ሆነ። የእንስሳት ሐኪም ጦር ሲመራ አስቢው! በየካቲት 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረ ጊዜ ደግሞ ፋሺስቶች እየለቀሙ ከፈጇቸው መካከል ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች እንዲመለሱ ያሰራቸው የትኛው ፎርም ነው?

እኔ እንደነሱ ነበርኩ አልልሽም። እውነቱን ለመናገር ወደ ጀርመን መሳፈሪያም አልነበረኝም። ሐምሌ ላይ ተመልሼ ወደ ላከኝ መሥሪያ ቤት ብሄድ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስምንት ወር ያለ ሥራ ዞርኩ። ኋላ መንገድ ሥራ ገባሁ፤ የቀረውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ የልጅነትሽን ክረምት ሁሉ በካምፕ ነው ያሳለፍኩት።

ስለዚህ ቤጂንግ ሆነሽ መመለስ አለመመለስሽን ስታስቢ የእኔን ፊርማ ከሒሳቡ አውጪው። ዕዳው ቢመጣ ከፋዩ እኔ ነኝ፤ አስቤበት ነው የፈረምኩት። እናትሽ ግን ዋሱ አጎትሽ ነው ብላ ነው የምታስበው። እንዳትነግሪያት።

አባትሽ