የባዮሎጂ ክበብ ዓመት፦ ፕሮቲን ቦታውን የሚይዘው እንዴት ነው?

ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ጥያቄ ተጠምዶ ከረመ። ጥያቄውን ያነሳችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የጉንጫችንን ሕዋስ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ማቅለሚያ ነክረን በማይክሮስኮፕ እያየን ነበር። ዲኤንኤው ያለበት የሕዋሱ ክፍል፣ ኒውክለሱ፣ ጠቆር ብሎ ይታያል። «ቲቸር፣ ፕሮቲን የሚሠራው ከኒውክለስ ውጭ ሪቦዞም ላይ ነው ብለውናል። ታዲያ የኒውክለሱ ፕሮቲን መግቢያውን በምን ያውቃል?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ወሬያችን ይኸው ሆነ። ችግኝ ተከላውና የግቢ ጽዳቱ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል።

አድራሻው ያለው ፕሮቲኑ ላይ ነው። ሳይንቲስቱ ጉንተር ብሎበል በ1999 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህን በማሳየቱ ነው። ወደ ኒውክለስ የሚገቡ ብዙ ፕሮቲኖች ላይሲንና አርጂኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) የበዙበት አጭር ምልክት አላቸው። ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ ቢኖረውም፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ ከዚያ ዲኤንኤ የሚሠሩት ፕሮቲኖች 13 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በሙሉ በምልክታቸው እየተለዩ ከውጭ ይገባሉ። ይህን ስናገር ክፍሉ ተንጫጫ።

ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ግን ከደረሱ በኋላ ያለው ነገር ነው። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ አዳዲስ ፕሮቲኖችን በማጣጠፍ የሚያግዙ ረዳት ፕሮቲኖች አሉ። ከዚያ ፕሮቲኖችን ለይቶ ወደየቦታቸው ወደሚልከው ክፍል፣ ወደ ጎልጂ፣ የሚሄዱ ከረጢቶች ያለማቋረጥ ይነሳሉ፤ ረዳቶቹም አብረው ተጭነው ይወጣሉ። ታዲያ ለምን አያልቁም?

ጫፋቸው ላይ አራት አሚኖ አሲዶች አሉ፦ ላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ሉሲን። ጎልጂ ትንሽ አሲዳማ ነው። እዚያ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን እነዚህን አራቱን ይይዝና በሌላ ከረጢት ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይመልሳቸዋል። እዚያ አሲዱ ሲቀንስ ይለቃቸዋል፤ ከዚያ ሌላ ለማምጣት ይሄዳል። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይህ ነው። ረዳቶቹ የሚቆዩት ስለታሰሩ ብቻ አይደለም፤ በወጡ ቁጥር ስለሚመለሱ ጭምር ነው።

ይህን ሜዳ ላይ ሠራነው። በጠመኔ ክቦች አሰመርን፤ ልጆቹ ጀርባቸው ላይ አራት ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ለጠፉ። አንድ ልጅ ወረቀቱ ወድቆበት፣ ማንም ሳይመልሰው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄደ። ተመራማሪዎቹ መንሮና ፔልሃም በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ አራቱ ሲቆረጡ ፕሮቲኑ ከሕዋሱ ወጣ። በወላጆች ቀን ልጆቹ ጨዋታውን ራሳቸው አስረድተው አሳዩ። በጣም ኮርቻለሁ።

ብዙዎቹ ልጆቻችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር ይፈልጋሉ። ከተማችን ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ በሽታ ሲነሳ ጆሯቸው ይቆማል። አይ-ሴል የሚባል ብርቅዬ በሽታ አለ። የላይሶዞም (የሕዋሱ መፍጫ ክፍል) ኢንዛይሞች ይሠራሉ፤ ነገር ግን ወደ ላይሶዞም የሚመራቸው የስኳር ምልክት አይለጠፍባቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ከሕዋሱ ወጥተው ደም ውስጥ ይገኛሉ፤ ላይሶዞሙ ባልተፈጨ ነገር ይሞላል። «ኢንዛይሙ እያለ ልጁ ይታመማል?» ብሎ አንዱ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አዎ፣ ያለቦታው ስለሆነ ይታመማል።

በመጨረሻው ስብሰባ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ አንድ ፕሮቲን ወደ ሁለት ቦታ የሚመሩ ምልክቶች ቢኖሩትስ የት ይሄዳል? መስከረም ላይ ከዚሁ እንጀምራለን። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችም ኑ፤ ቦታ አለን።